«መጣሁ» ብሎ የማይሄድ ባለባጃጅ

ሰላም የደሴ ልጆች። አንድ ሰው ላመሰግን ነው የመጣሁት፤ ቤታችሁ ኦቲዝም ያለው ልጅ ካለ ደግሞ ሰውየውን ልጠቁማችሁ። ስሙን እንዳልጽፍ ለምኖኛል፣ «ጓደኞቼ ያሾፉብኛል» ብሎ። ቧንቧ ውሃ ባጃጅ ተራ ሄዳችሁ ከኋላዋ «አብሽር» የሚል የተጻፈባት ባጃጅ የቷ ናት ብላችሁ ተራ አስከባሪውን ጠይቁ፣ ያሳያችኋል።

ልጄ 14 ዓመቱ ነው። ይናገራል፣ ግን አብዛኛውን የሰማውን ነው መልሶ የሚለው። «ሻይ ትፈልጋለህ?» ስትሉት «ሻይ ትፈልጋለህ» ይላችኋል፤ አዎ ማለቱ ነው። ክላክስ ሲሰማ ጆሮውን ይደፍናል። የለመደው መንገድ ከተቀየረ ቀኑ ሙሉ ይበላሽበታል። ትንሽ ሳለ ጸበሉንም ዱዓውንም አዳርሰናል፣ የወሎ ቤት ነውና አንዱም አልቀረን። የነገሩን ስም ያወቅነው አዲስ አበባ ወስደነው ነው። ዘሚ የኑስ፣ ነፍሷን ይማርና፣ በራሷ ልጅ ተነስታ በ2002 እ.ኤ.አ. ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን እንደከፈተችም የሰማሁት ያን ሰሞን ነው። ልጄን ያየችው ባለሙያ «ይህ በኪኒን የሚለቅ በሽታ አይደለም፣ አፈጣጠሩ ነው። ቀኑ አስቀድሞ የሚታወቅ ይሁንለት፣ መልስም ስትጠይቂው ጊዜ ስጪው» አለችኝ። ምክሩ ወርቅ ነበር። ግን 400 ኪሎ ሜትር ተመልሼ ደሴ ስገባ፣ ታክሲውንና ባጃጁን ማን ይምከርልኝ? አንዱ ሹፌር ግማሽ መንገድ ላይ «እብድ አልጭንም» ብሎ ያወረደን ቀን እስከ ቤት በእግራችን ነው የመጣነው፣ በዝናብ።

ይሄኛውን ያገኘሁት በጎረቤት ነው። ሌሎቹ ሁሉ «ምን ሆኖ ነው?» ይሉኛል። እሱ «ምን ይጠላል?» አለኝ። ክላክስ፣ ሙዚቃ፣ ሽቶ፣ ከኋላ ሲነኩት ብዬ ዘረዘርኩለት። ቴፑን ዘጋ፣ መስታወቱ ላይ የተንጠለጠለውን ሽቶ በጥሶ ኪሱ ከተተ። ሁለት ቀን ሞተሩን አጥፍቶ በራችን ላይ ቆመና ልጁ ገብቶ ተቀምጦ ብቻ ወረደ። የትም አልሄድንም። በሦስተኛው ቀን ነው የተነሳነው። እጅ እንዲጨብጠውም አላስገደደውም፤ የባጃጇን ብረት ሁለቴ ኳ ኳ ያደርጋል፣ ልጄም ሁለቴ ኳ ኳ ያደርጋል፣ ሰላምታቸው እሱ ነው።

መጀመሪያ ሰሞን አብሬያቸው እሄድ ነበር። አንድ ቀን ሸዋ በር ላይ አቁሞ «መጣሁ» አለና ውሃ ሊገዛ ወረደ። ስንሄድ ሁላችንም «መጣሁ» ነው የምንለው። ልጄ ግን ቃልን እንዳለ ነው የሚወስደው። መጣሁ ያለው ሰው ጀርባውን ሰጥቶ ሲሄድ ሲያይ «አልመጣም! አልመጣም!» እያለ ጮኸ፣ ብረቱን ደበደበ። ሰውየው እየሮጠ ተመለሰ። ነገሩን ሳስረዳው መጀመሪያ ሳቀ፣ ከዚያ ዝም አለ፣ ከዚያ «እትዬ፣ እውነቱን እኮ ነው» አለኝ። ከዚያ ወዲህ አምስት ጣቱን ዘርግቶ «ውሃ ልገዛ ነው። አምስት ደቂቃ። እመለሳለሁ» ይላል፣ በአምስት ደቂቃም ይመለሳል። ለእኔም ስልክ ላይ «ደርሻለሁ» ማለቱን ተወ፤ ሆጤ ከሆነ «ሆጤ ነኝ» ነው የሚለኝ። ከባለባጃጅ አፍ ይህን መስማት ምን ማለት እንደሆነ የደሴ ሰው ያውቀዋል።

ቤንዚን የሚጠፋበት ሰሞን ደግሞ ከዋዜማው በቴሌግራም ድምፅ ይልካል፣ ለእኔ ሳይሆን ለልጁ፦ «ነገ ማክሰኞ ነው። ቤንዚን ሰልፍ ላይ ነኝ። አልመጣም። እሮብ አንድ ሰዓት ተኩል እመጣለሁ።» ልጄ ሃያ ጊዜ ያዳምጠዋል። እኔም በቃሌ ያዝኩት። ግን ይተኛል።

«ወራጅ አለ» ማለትን ያስተማረውም እሱ ነው። ትምህርት ቤቱ በር ሲቃረብ ፍጥነቱን ይቀንስና «ወራጅ አለ» ይላል፣ ልጄም ተከትሎ ይላል። ወር ካለፈ በኋላ «ወራጅ...» ብሎ ማቆም ጀመረ። ዝም ብሎ ይጠብቃል፣ አንዳንዴ በልቡ አሥር እስኪቆጥር። ልጄ «አለ» ይላል። ሦስተኛው ወር ላይ፣ ከጦሳ የወረደ ጉም መንገዱን ሸፍኖት የትምህርት ቤቱ በር እንኳ በማይታይበት ጠዋት፣ ሰውየው ምንም ሳይል ከኋላ «ወራጅ አለ!» ሰማ። አቁሞ ደወለልኝ፣ ድምፁ ይንቀጠቀጥ ነበር። ባለፈው ሳምንት ደግሞ ከእኔ ጋር በታክሲ ስንሄድ፣ በሙሉ ሰው መሃል፣ መውረጃችን ሲደርስ እኔን ቀድሞኝ ተናገረ። ረዳቱ «እሺ አለቃ» አለው። ረዳቱ ምን እንደሰማ አያውቅም፣ እኔ ግን ከወረድኩ በኋላ አስፋልቱ ዳር ቆሜ አለቀስኩ።

አንድ የከፋ ቀንም ነበር። እሱ አልነገረኝም፣ ያየች ጎረቤቴ ናት የነገረችኝ። ፒያሳ ጋ መንገድ ተዘግቶ በሌላ ሲዞር ልጄ ተናወጠ፣ ጭንቅላቱን ከብረቱ ጋር ማጋጨት ጀመረ። ሰው ተሰበሰበ። አንዱ ውሃ እርጩበት ይላል፣ አንዱ የሚጥል በሽታ መስሎት ክብሪት ጫሩለት ይላል። ሰውየው ዳር ይዞ ሞተሩን አጠፋ፣ ሸራውን በሁለቱም በኩል አወረደ፣ ጃኬቱን አጣጥፎ በጭንቅላቱና በብረቱ መሃል አስገባ፣ ሰዉን «አልታመመም፣ ሂዱልኝ» ብሎ በተነ። ልጁን አላባበለውም፣ አልያዘውም፣ አንድ ቃል አልተናገረውም። ግማሽ ሰዓት ያህል ሥራ ፈትቶ ደጅ ቆመ። ሲረጋጋ ብረቱን ሁለቴ ኳ ኳ አደረገ፣ ከውስጥም ኳ ኳ ሲመለስለት ተነሳ።

ነውሩን ልደብቅ አልችልም፤ ባጃጇ አሮጌ ናት፣ ዳገት ላይ ታቃስታለች። የወር ኮንትራቱም ከሌላው ወደድ ይላል፣ ሌላ ሰው ስለማይደርብ ነው። ባለሙያም አይደለም፣ ንግግር ያስተምርልኛል ብላችሁ እንዳትሄዱ። ልጅ ከልጅ ይለያል፤ አሁን የሚያመላልሳት አንዲት ልጅ ሙዚቃ ካልተከፈተ አትገባም፣ ለእሷ ይከፍታል። ብቻ የሚጠላውንና የሚወደውን ጽፋችሁ ስጡት፣ ወረቀቱን ከመሪው በላይ ይለጥፈዋል። ጠዋቱ ሞልቷል፣ ከሰዓት ከስምንት እስከ አሥር ቦታ አለው።

እና አንድ ልመና፦ ልጄ የተቀደደና በፕላስተር የተለጠፈ ብር አይቀበልም። ሰውየው ለእሱ መልስ የሚሆን ንጹህ ንጹሁን እየለየ በደረት ኪሱ ያስቀምጣል። ስትሳፈሩ እባካችሁ ደህና ብር ስጡት።