ምስጋና ለሜሪላንድ ሊጋል ኤይድ፣ ክፍያውን ማን እንደሚሸፍንም ልንገራችሁ

ሲልቨር ስፕሪንግና አካባቢው ያላችሁ ወገኖች፣ ይሄ ምስጋናም ጥቆማም ነው። ምስጋናው አቅም ለሌለው ሰው ነጻ ጠበቃ ለሚያቆመው ድርጅት ለሜሪላንድ ሊጋል ኤይድ፣ በተለይ የአክስቴን ጉዳይ ለያዘችው ጠበቃ ነው። ስሟን ሳላስፈቅዳት እዚህ አልጽፍም።

አክስቴ ዕድሜያቸው ገፍቷል። አከራያቸው ኪራይ አልከፈሉም ብሎ ከሰሳቸው። ከፍለዋል፤ ግን እንደ ብዙ እናቶቻችን ሁሌ በማኒ ኦርደር ነው። ደረሰኞቹ በብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ከፎቶና ከመድኃኒት ማዘዣ ጋር ተደባልቀው ተቀምጠዋል። ጠበቃዋ ሁሉንም ጠረጴዛ ላይ ዘርግፋ በየወሩ ደረደረቻቸው። ቀኑ የደበዘዘውን በስልኳ መብራት እያየች ታነባለች። አንዱ ጭራሽ አልነበብ አለ። አስተርጓሚው በስልክ “እማማ፣ ይሄኛው የየትኛው ወር ነው?” ሲላቸው “የፍልሰታ ጾም ላይ የከፈልኩት ነው” አሉ። እሷም ኦገስት ብላ ጻፈች። ሮክቪል ፍርድ ቤት በቀጠሮው ቀን የአከራዩ ወገን የተደረደሩትን ደረሰኞች አየና ክሱን አነሳ።

ስንወጣ አክስቴ ቦርሳቸውን ከፈቱ። “ምንም አይከፍሉም” ተባሉ። “አሜሪካ ደግሞ ነጻ ነገር አለ እንዴ?” አሉ። እኔም ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣ ጠየቅኩ። ከምንጮቹ አንዱን ስሰማ ገረመኝ።

ታክሲና ኡበር የምትነዱ ይገባችኋል። መኪና ተገጭቶባችሁ ኢንሹራንሱ ሲከፍል ቼኩ መጀመሪያ ጠበቃችሁ ጋ ይገባል። ጠበቃው ከራሱ ገንዘብ ጋር መቀላቀል አይችልም፤ በአደራ ሒሳብ ያስቀምጠዋል። ገንዘቡ ብዙ ከሆነ ወይም ረጅም ጊዜ የሚቆይ ከሆነ ለብቻው ይቀመጣል፣ ወለዱም የባለጉዳዩ ነው። ትንሽ ከሆነ ወይም ቶሎ የሚወጣ ከሆነ ግን ለብቻው ሒሳብ ቢከፈትለት ወጪው ከወለዱ ይበልጣል። ስለዚህ የብዙ ሰው ገንዘብ በአንድ ሒሳብ ይከማቻል። ባንኩ የዚያን ሒሳብ ወለድ ሜሪላንድ ሊጋል ሰርቪስስ ኮርፖሬሽን ለሚባል ድርጅት ይልካል። ድርጅቱ በ1982 በስቴቱ ሕግ የተቋቋመ ነው። ገንዘቡን እንደ ሊጋል ኤይድ ነጻ የሕግ አገልግሎት ለሚሰጡ ድርጅቶች በድጎማ ያከፋፍላል። የእናንተ ዋና ገንዘብ አይነካም። አሠራሩን አዮልታ ይሉታል። በአሜሪካ በ1981 ፍሎሪዳ ውስጥ ተጀምሮ ዛሬ በ50ውም ስቴቶች አለ።

“የሰው ወለድ ነው፣ እንዴት ይወሰዳል?” ብለው የከሰሱም ነበሩ። ጉዳዩ እስከ አሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በ2003 በ5 ለ4 ድምፅ ተወሰነ። ባለገንዘቡ ለብቻው ቢያስቀምጠውም ከወጪው የሚተርፍለት ወለድ ስለሌለ የሚካሰው ነገር የለም ተባለ። እኔም በዚህ እስማማለሁ።

ደስ የማይለኝ አንድ ነገር አለ። የባንክ ወለድ ሲወርድ ይሄም ገቢ አብሮ ይወርዳል። ከ2008 በኋላ ወለዱ ወደ ዜሮ ሲጠጋ ድርጅቶቹ ክፉኛ ተጎድተዋል። ሥራ የጠፋበት፣ ሰው ከቤቱ የሚወጣበት ጊዜም ያው ያ ነበር። ሜሪላንድ ፍርድ ቤት ላይ ከሚከፈል የመዝገብ ማስከፈቻም የተወሰነ ትጨምርበታለች፤ ደግ አደረገች።

አሁን ወደ ጥቆማው። ከቤት የማስወጣት ክስ ከመጣባችሁ ወረቀቱን ቀብራችሁ አትቀመጡ። ቀጠሮው ላይ ካልቀረባችሁ በሌላችሁበት ሊፈረድባችሁ ይችላል። ገቢያቸው ዝቅተኛ የሆኑ ተከራዮች በእንዲህ ዓይነት ክስ ነጻ ጠበቃ እንዲያገኙ ሜሪላንድ በ2021 ሕግ አውጥታለች። ሊጋል ኤይድ ስትደውሉ ገቢያችሁን ይጠይቃሉ። የመኖሪያ ወረቀታችሁንም ይጠይቃሉ፤ ከፌዴራል መንግሥት በሚያገኙት ገንዘብ ምክንያት ማንን መርዳት እንደሚችሉ ገደብ አለባቸው። ግሪን ካርድ ያላችሁ፣ በስደተኛነት የገባችሁ ወይም ጥገኝነት የተፈቀደላችሁ ችግር የለም። ሌሎቻችሁም ተስፋ አትቁረጡ፤ ይህ ገደብ የሌለባቸው ሌሎች ድርጅቶች ስላሉ ወዴት መሄድ እንዳለባችሁ እዚያው ጠይቁ። “አማርኛ” በሉ፣ አስተርጓሚ ያገናኟችኋል። ፍርድ ቤቱም አስተርጓሚ በነጻ ያቀርባል፤ ግን ከቀጠሮው ቀደም ብላችሁ ጠይቁ። ደረሰኝ የተባለ ነገር ሁሉ ደግሞ፣ ቢደበዝዝም፣ ይዛችሁ ሂዱ።