አሮጌ ኮምቢ ወይስ አሮጌ ሃይኤስ? እየተጓዙበት ለማደስ

መኪናውን ዓመት ሙሉ ጋራዥ አስቀምጦ ለማደስ ገንዘብም ትዕግሥትም ያለው ሰው ልቡ የወደደውን ይግዛ። ይህ ንጽጽር ሐዋሳ ተቀምጦ፣ አሮጌ ሚኒባስን አልጋና ምድጃ ወዳለው የመንገድ ቤት በየደመወዙ ትንሽ ትንሽ እየለወጠ ቅዳሜ ላንጋኖ ማደር ለሚፈልግ ነው። ለእንዲህ ያለው ገዢ የሚበጀው፣ ሥራው ግማሽ ላይ ቢቆምም መንገድ የሚወጣ መኪና ነው።

በመልክ ከሆነ የቮልስዋገኑን ሚኒባስ፣ ኮምቢን፣ የሚያህል የለም። እስከ 1979 እ.ኤ.አ. ጀርመን ውስጥ የተሠራው ሁለተኛው ትውልድ ሞተሩ ከኋላ ሆኖ በአየር ስለሚቀዘቅዝ ራዲያተርም የውሃ ፓምፕም የለውም። 1600 ሲሲው ሞተር የቮልስ ዘመድ ነው፤ ቮልስ የሚያውቅ መካኒክ አይደነግጥበትም። ችግሩ ጉልበቱ ነው። ከፋብሪካ ሲወጣ እንኳ 50 የፈረስ ጉልበት ገደማ ነበረው፤ 1,700 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ባለችው ሐዋሳ ደግሞ የሳሳው አየር ከስድስት አንድ እጁን ያህል ይቀንስበታል። አልጋ፣ የውሃ ጀሪካንና ቤተሰብ ጭኖ ከሻሸመኔ ወደ ኮፈሌ ሲወጣ ከኋላው የሚሰለፈውን አይሱዙ ማየት ነው!

ከጉልበቱ ይልቅ የሚያሰጋው ግን የነዳጅ ቱቦው ነው። ጎማው በእርጅና ተሰነጣጥቆ ቤንዚን የጋለ ሞተር ላይ ካንጠባጠበ መኪናው ሊቃጠል ይችላል። መጋረጃ ከማሰፋትዎ በፊት ቱቦዎቹን ያስቀይሩ። ስለ ፍሬኑም ይጠይቁ፤ ከ1971 እ.ኤ.አ. ሞዴል በፊት ያሉት የፊት ጎማቸው የዲስክ ፍሬን የለውም።

የቶዮታውን ሚኒባስ፣ ሃይኤስን፣ ፎቶ የሚያነሳው ሰው የለም። ናፍጣው ሞተር ግን ባቱም ሶዶም ላይ ቢቆም መካኒኩም መለዋወጫውም አይጠፋም፤ ቀስ በቀስ ለሚያድስ ሰው ይህ ከውበት ይበልጣል። ሲገዙ ሞተሩን ብቻ አይስሙ። በታክሲነት የሠራ ከሆነ የወለሉን ምንጣፍ አስነስተው ላሜራውን ይዩ፤ የተንሸራታቹን በር ሐዲድና መረገጫውንም በጣትዎ ይጫኑ። ስቱኮ የሸፈነው ዝገት ቀለም ከተቀባ በኋላ አይታይም። ሞተሩ ከፊት ወንበሮች ሥር ስለሆነ ሙቀቱና ድምፁ ጋቢና ይገባል፤ በወፍራም የሱፍ ጨርቅ አልብሰው ይቀንሱት።

ተሳቢ ቤት አግኝቶ የሚገዛ ሰውም ይኖራል። ቤቱ ሲበላሽ መኪናው አይቆምም፤ ጥቅሙ እሱ ነው። የሚጎትት ጠንካራ መኪና ግን ይጠይቃል፤ ተሳቢ ቤቱም ራሱ እዚህ በቀላሉ አይገኝም።

የትኛውንም ቢገዙ ቅደም ተከተሉ አይለወጥም፦ ፍሬንና ጎማ፣ ከዚያ ክረምት ሳይገባ የጣሪያና የመስኮት ፍሳሽ፣ ቀጥሎ ለመብራት የሚሆን ሁለተኛ ባትሪ፣ እንጨት ሥራው መጨረሻ። አልጋውን በብየዳ ሳይሆን በብሎን ያስሩት፤ ወለሉን ለማስበየድ ማንሳትዎ አይቀርም።

ቤት ውስጥ ሌላ መኪና ካለ ኮምቢውን ይግዙ። ያለዎት መኪና እሱ ብቻ ከሆነ ሃይኤስ። ቀብድ ከመስጠትዎ በፊት የሻንሲ ቁጥሩን ከሊብሬው ጋር ያመሳክሩ፤ ወንበር አውጥቶ አልጋ ማስገባት በዓመታዊ ምርመራ ቦሎ ያስከለክል እንደሆነም ትራንስፖርት ቢሮ ሄደው ይጠይቁ።