የአያቴ ወንበርና የደብረ ብርሃኑ ስቱዲዮ

ደብረ ብርሃን ላይ የቤተሰብ ዕቃ አሳድሳችሁ ፎቶ ለመነሣት ያሰባችሁ ካላችሁ ይቺን አንብቡልኝ። በጥር ሦስት ሳምንት ቆይቼ ነው የተመለስኩት። አሁንም ሳስበው ያንገበግበኛል።

እማዬ ቤት የአያቴ ወንበር አለ። ከመንዝ፣ መሐል ሜዳ ከምትባለው ከተማ የመጣ የወይራ ወንበር ነው። መቀመጫው ጠፍር፣ እጀታው ከእጅ ብዛት የጠቆረ። በግራ እጀታው ላይ አጎቴ ልጅ ሳለ በቢላዋ የጫራቸው ሦስት መስመሮች አሉ፤ በነሱ ምክንያት የተገረፈውን ዛሬም ያወራዋል። ጠፍሩ ተበጣጥሷል፣ አንዱ እግሩ ይነቃነቃል። የፈለግኩት ብዙ አይደለም። ጠፍሩ ይተካ፣ እግሩ ይጠብቅ፣ እማዬ በሐበሻ ቀሚሷ ትቀመጥበትና አንድ ጥሩ ፎቶ ትነሣ። አሜሪካ፣ ሚኒያፖሊስ ያለው ቤቴ ግድግዳው ባዶ ነው።

አሮጌ ዕቃ እያደሰ ለፎቶ የሚጠቀም ስቱዲዮ አለ አሉኝ። ስሙን አልጠራም። ስገባ ደስ ነው ያለኝ፤ የድሮ ሬዲዮ፣ መሶብ፣ ባለ ቁልፍ የእንጨት ሣጥን፣ ሁሉም ተወልውሎ ተደርድሯል። ባለቤቱ "በአራት ቀን ይደርሳል፣ 4,500 ብር" አለኝ። ግማሹን ሰጠሁት። ደረሰኝ አልጠየቅሁም። ሚኒያፖሊስ ቢሆን ምን ምን እንደሚሠራ ተጽፎ ሳልፈርም ዕቃዬን ጥዬ አልወጣም። አገሬ ስገባ ግን ወረቀት መጠየቅ ሰውን መጠርጠር መሰለኝ።

በአምስተኛው ቀን ደወልኩ። "ነገ" አለኝ። በነገታው "ብርዱ ቫርኒሹን አላደርቅ አለው" አለኝ። የደብረ ብርሃን የጥር ሌሊት ውርጭ ነው፣ ቫርኒሽ በብርድ እንደሚዘገይም አውቃለሁ፤ ስለዚህ አመንኩት። ቫርኒሽ ማን አዘዘህ ማለት የነበረብኝ ያኔ ነበር። ከዚያ ጥምቀት ገባ፣ ሠራተኛ የለም ተባለ፤ እሱንም ተቀበልኩ። በአሥራ ሁለተኛው ቀን የአክስቴ ልጅ ስልኳን ይዛ መጣች። "ይሄ የናንተ ወንበር አይደለም እንዴ?" አየሁት። የስቱዲዮው ቴሌግራም ላይ ሙሽሮች ተቀምጠውበታል! ወርቅማ ቀለም ተቀብቷል። ሦስቱ ጭረቶች ባይኖሩ አላውቀውም ነበር። ወደ ኋላ እያልን ስናይ ደግሞ የልደት ፎቶ አለ፣ ቤተሰብ የተሰበሰበበት አለ፤ የመጀመሪያው ከተለጠፈ አምስት ቀን አልፎታል። ማለትም እኔን "አልደረቀም" እያለ ወንበራችንን ሲሠራበት ነበር።

እማዬን ይዤ ሄድኩ። ይቅርታ የሚባል ነገር የለም። "ለማስተዋወቅ ነው እኮ እህቴ፣ ለናንተም ክብር ነው" አለኝ። ጠፍሩ የለም፤ ተጥሎ በቦታው ስፖንጅና ቀይ ከፋይ ገብቷል። ቀጥሎ ሒሳቡን ነገረኝ፤ 11,000 ብር። ስፖንጅ ጨመርኩ፣ ቀለም ተወዷል፣ ሥራው ከብዷል። ያላዘዝኩትን ሠርቶ ያላዘዝኩትን ያስከፍለኛል። ከውጭ መምጣቴን ባያውቅ ይህን ዋጋ አፉን ሞልቶ አይጠራም ነበር፣ ይህን በሙሉ ልቤ ነው የምለው። ወንድሜ ደርሶ ሲጨቃጨቅ ሲጨቃጨቅ በ7,000 ተለያየን። እማዬ በዚህ ሁሉ መሀል ምንም አልተናገረችም። እጀታውን በመዳፏ ስትዳብስ ቆየችና "የአባዬ እጅ የት ሄደ?" አለች። ከብሩ ሁሉ ያ ነው የቆጨኝ።

መበረሪያዬ ሊደርስ ስድስት ቀን ቀርቶኛል። ጎረቤታችን ገበያው አጠገብ ወዳሉ ሽማግሌ አናጢ ወሰደችን። ወንበሩን ገልብጠው አዩና "ይሄን ማን ገደለው?" አሉ። ብርጭቆ ወረቀት አላስነኩትም፤ ያረጀውን ገጽ አብሮ ይበላዋል አሉ። በስባሪ ብርጭቆ ቀስ እያሉ ቀለሙን ብቻ ፋቁት። የሚነቃነቀውን እግር ያለ ምስማር በወይራ ሽብልቅ አጠበቁት። ጠፍሩን ውኃ ውስጥ አሳድረው እርጥቡን ጠለፉት፣ ያውም ላላ አድርገው። "ሲደርቅ ራሱ ይሰበሰባል፤ አሁን ካጠበቅሁት እግሩን ያጣምመዋል" አሉኝ። በመጨረሻ ሰም ከተልባ ዘይት ጋር አቅልጠው በጨርቅ አሹት። እንደ ድሮው ሆነ አልልም፤ የተላጠው ተልጧል። ግን ወይራው ተመልሶ ታየ። 1,200 ብር አሉኝ። ልጨምር ስል እማዬ "በሞቴ ጋሼ" ብላ ለምና ነው የተቀበሉኝ።

ፎቶውን ያነሣን ደግሞ ጉርድ ፎቶ የሚያነሣ፣ አንዲት ጠባብ ፎቶ ቤት ያለችው ልጅ ነው። ቤት ድረስ መጣ። ፍላሽ አላወጣም። ወንበሩን መስኮቱ አጠገብ በጎን አስቀመጠው፣ ከኋላ የመንዝ ባና ሰቀለ። ነጭ ቀሚስና ጠይም ፊት አንድ ላይ አስቸጋሪ ነው፤ ፊቱን ካበሩት ጥልፉ ነጭ ብቻ ሆኖ ይጠፋል፣ ለቀሚሱ ካሉ ፊቱ ይጨልማል። እሱ ካሜራውን በቀሚሱ ልክ አስተካክሎ ፊቷን በአንሶላ በተመለሰ ብርሃን አነሣላት። ወርቅማው ቀለም ቢኖር ኖሮ መስኮቱን እንደ መስታወት ይመልሰው ነበር፣ ይህን ያስረዳኝ እሱ ነው። አሜሪካ ፎቶ ስነሣ ሃያ ደቂቃ ተቆጥሮ ነው። ይሄ ልጅ ከአቦል እስከ በረካ ጠበቀ፤ እማዬ ካሜራውን ረስታ ወደ አጎቴ ዞር ስትል ነው ያነሣት። ከሦስት ትልልቅ ኅትመት ጋር 1,500 ብር።

ዕቃ የምታሳድሱ፣ ከመስጠታችሁ በፊት በአራቱም ጎን ፎቶ አንሡት። ቀለም እንዳይቀባ፣ የወጣ ነገር እንዳይጣል፣ ለሌላ ሰው ፎቶ እንዳይውል ብላችሁ ወረቀት ላይ አስፈርሙ። ሻንጣችሁን ሳትፈቱ ጀምሩት።

ጭረቶቹ ውስጥ ትንሽ ወርቅማ ቀለም ቀርቷል። ሽማግሌው በመርፌ ላውጣው ብለው ነበር፣ እኔ ጊዜ አልበቃኝም። አጎቴ "የጫርኩት እኔ፣ የማጸዳውም እኔ" ብሎ መርፌ ይዞ ሲቀመጥበት ነው የተሰናበትኩት።