አሮጌዎቹ የአልቶ በርጩማዎች ከ14 ወር በኋላ

ሄልሲንኪ ከመጣሁ ጀምሮ ይህን በርጩማ ያላየሁበት ቦታ የለም። ቤተ መጻሕፍት አለ፣ ትምህርት ቤት አለ፣ ሐኪም ቤት ተራ የሚጠበቅበት ክፍል ውስጥም አለ። ክብ መቀመጫና ሦስት የታጠፉ እግሮች፣ በቃ። ፊንላንዳዊው አርክቴክት አልቫር አልቶ እ.ኤ.አ. በ1933 የነደፈው ስቱል 60 ነው። መጀመሪያ ዓይኔን የያዘው ሦስት እግሩ ነው፤ የጅማን በርጩማ አስታወሰኝ። የጅማው ግን ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ ይወጣል፣ የዚህኛው እግር ለብቻው ተሠርቶ መቀመጫው ሥር በቪቴ ይታሰራል።

አራት አሮጌዎች ገዛሁ። ሁለቱን ከሂየታላህቲ የአሮጌ ዕቃ ገበያ፣ ሁለቱን ደግሞ ቤት ከሚለቅ ሰው። እቤት አድሼ መጠቀም ከጀመርኩ 14 ወር ሆነኝ።

ስትገዙ ከመቀመጫው በፊት ጉልበቱን እዩ። ጉልበት የምለው እግሩ የሚታጠፍበትን ቦታ ነው። የበርጩማው ጥበብ ሁሉ ያለው እዚያ ነው። እግሩ በርች ከሚባለው የሰሜን አገር ዛፍ የተሠራ ወጥ እንጨት ነው፤ ጫፉ ላይ ብቻ በመጋዝ ይሰነጠቅና በየስንጥቁ ስስ እንጨት ከኮላ ጋር ገብቶ 90 ዲግሪ ይታጠፋል። ስለዚህ በጎኑ ስታዩት ቀጫጭኖቹ መስመሮች የሚታዩት ጉልበቱ አካባቢ ነው፣ ታች እግሩ ወጥ ነው። መስመሩ እስከ መሬት ከወረደ ሌላ በርጩማ ነው። ለምሳሌ የስዊድኑ የቤት ዕቃ ድርጅት አይኪያ ይሸጠው የነበረው ፍሮስታ የተባለ በርጩማ እግሩ አራት ነው፣ ሙሉ በሙሉም ከተነባበረ ስስ እንጨት የተሠራ ነው። ለመቀመጥ ምንም አይልም፣ ግን በአልቶ ዋጋ አትግዙት።

የእኔ ሦስተኛው ጉልበቱ ላይ ትንሽ ተከፍቶ ነበር። ሻጩ «ቀላል ነው፣ ኮላ ይበቃዋል» አለኝ፣ አመንኩት። ቀጭን ኮላ አስገብቼ በሞርሳ አጥብቄ ለ24 ሰዓት ተውኩት። ሦስት ወር ሳይሞላው እዚያው ቦታ ላይ ተከፈተ። አሁን የአበባ ማስቀመጫ ሆኗል፣ ሰው አላስቀምጥበትም። የላላ ቪቴ፣ የቆሸሸ መቀመጫ፣ የተላጠ ቫርኒሽ ሁሉም እቤት ይታደሳል። የተከፈተ ጉልበት ግን በእኔ እጅ አልዳነም።

ከሁሉም በላይ የሚቆጨኝ የመጀመሪያው ነው። ገና ስገዛው ቀለሙ ማር የመሰለ ነበር፤ በርች ከነቫርኒሹ በዓመታት ብርሃን እንደዚያ ይሆናል። እኔ ግን እድሳት ማለት አዲስ ማስመሰል መስሎኝ በመፋቂያ ማሽን ነጭ እስኪሆን ላጥኩት። የመቀመጫው ጠርዝ ላይ ስሱን የእንጨት ልባስ አልፌ የታችኛውን እንጨት አወጣሁት። ይኸው ከ14 ወር በኋላም ከሌሎቹ ጋር ሲቆም ይለያል። የስንት ሰው እጅና የስንት ዓመት ፀሐይ የሠራውን ቀለም በአንድ ከሰዓት በኋላ አጠፋሁት። ሌሎቹን ለብ ባለ ውሃና ለስላሳ ሳሙና ብቻ አጠብኳቸው፣ ሻካራ የሆነውን ቦታ በእጄ በ240 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ነካ ነካ አደረግሁት፣ በቃኝ። ጭረታቸው አለ፣ አንዱ ላይ የተማሪ የሚመስል የብዕር ጽሑፍ አለ። አልነካሁትም።

አንዱ መቀመጫው ጥቁር ሊኖሊየም ነው። ሊኖሊየም ፕላስቲክ ይመስለኝ ነበር። ለካ ዋናው ነገሩ የተልባ ዘይት ነው፣ ከቡሽ ወይም ከእንጨት ዱቄትና ከሙጫ ጋር ተቦክቶ ጁት ላይ፣ ማለትም የጆንያ ጨርቅ ላይ፣ የሚነጠፍ። ስለዚህ አሞኒያ ያለበት ኃይለኛ ማጽጃ ይጎዳዋል። እንጨቱን በተልባ ዘይት የምትቀቡ ካላችሁ ደግሞ፣ የቀባችሁበትን ጨርቅ ጨምድዳችሁ አትጣሉት፤ በራሱ ግሎ እሳት ሊያስነሳ ይችላል። ውሃ ውስጥ ንከሩት ወይም ደጅ ዘርግታችሁ አድርቁት። የተቀባ አሮጌ ካገኛችሁም ቀለሙ እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት ሊኖረው ስለሚችል በደረቁ አትፋቁት፣ ልጅ ባለበት ቤት በተለይ።

አጠቃቀሙን በተመለከተ፣ እንግዳ ሲመጣ ወንበር አልቸገርም። ሲደራረቡ እግሮቻቸው እየተጠማዘዙ ይወጣሉ፣ አራቱም የአንድ በርጩማ ቦታ ይይዛሉ። ወለሉ ባይስተካከልም ሦስት እግር አይወዛወዝም። ግን ይገለበጣል! ልጄ መቀመጫው ዳር ላይ ቆማ መደርደሪያ ላይ ያለ ነገር ልታወርድ ስትል ይዟት ወደቀ፤ ክብደቷ ከሁለቱ እግሮች መሃል ውጭ ወጥቶ ነው። እግዜር ይመስገን እጇ ብቻ ነው የተቧጨረው። ትንሽ ልጅ ካላችሁ ባለ አራት እግሩን፣ ኢ60 የሚባለውን ፈልጉ።

ክረምት ላይ ማሞቂያው እንጨቱን ሲያደርቀው ቪቴዎቹ ይላላሉ። በካቻቢቴ አጥብቃቸዋለሁ፣ ደግሞ ይላላሉ። አንደኛው ቀዳዳ ሰፍቶ አልይዝ ሲለኝ የእንጨት ስንጥር በኮላ ሞልቼ፣ አድርቄ፣ መልሼ አሰርኩት። ስምንት ወር ሆነው፣ ንቅንቅ አላለም።

ለቡና ግን አይሆንም። ቁመቱ 44 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ረከቦት ፊት ተቀምጦ ለመቅዳት በጣም ከፍ ይላል፣ ወገብ ያማል። ለልጆች ተብሎ ዝቅ ተደርጎ የተሠራ አለ። አሁን በየቅዳሜው ገበያ የምፈልገው እሱን ነው፣ ጉልበቱ ያልተከፈተ ከተገኘ።