በሶፍ ዑመር ዋሻ ለመራን ወጣት አስጎብኚ ምስጋና

ባለፈው ጥር ከአባቴ ጋር ከሮቤ ተነሥተን በጎሮ በኩል ወደ ሶፍ ዑመር በሄድን ጊዜ፣ ከመንደሩ ተቀብሎ በዋሻው ውስጥ የመራንን የአካባቢውን ወጣት በአደባባይ ማመስገን እፈልጋለሁ። ስሙን ለመጻፍ ስላላስፈቀድኩት አልጠቅሰውም።

አባቴ 40 ዓመት በግንበኝነት የሠሩ ሰው ናቸው። ዓምዶቹ ከሚገኙበት ሰፊ አዳራሽ ገብተን የባትሪው ብርሃን እስከ ጣሪያው ሲዘልቅ፣ አንዱን ዓምድ በመዳፋቸው ዳስሰው «ይህን የጠረበው ማነው?» ብለው ጠየቁ። ወጣቱ «ውሃው ነው፣ አባባ» አለና በጥሞና ያስረዳቸው ጀመር። በብዙ ዋሻዎች ዓምድ የሚፈጠረው ከጣሪያ የሚንጠባጠብ ውሃ የያዘውን ኖራ ጠብታ በጠብታ እያስቀረ ሲከምረው ነው፤ እነዚህ ግን ከጥንት ባሕር ወለል ከተሠራው የኖራ ድንጋይ የተረፉ ናቸው። ውሃው እርስ በርስ በሚቋረጡ ስንጥቆች ገብቶ ድንጋዩን እያሟሟ መተላለፊያዎቹን ሲያሰፋ፣ በመካከላቸው የቀረው ድንጋይ ዓምድ ሆኖ ቆመ። አባቴ ይህን ሲሰሙ ወደ ዓምዱ ተመልሰው የግንብ መጋጠሚያ ይፈልጉ እንደ ነበርና እንዳላገኙ ነገሩት።

ከዋሻው ከወጣን በኋላ ወጣቱ ከቦርሳው ግማሽ ሎሚ አወጣ። ከመንገድ ዳር ያነሣውን ጠጠር በቢላዋ ፍቆ በዱቄቱ ላይ ሁለት ጠብታ ጨመቀበት፤ ጎንበስ ብለን ስናይ ጥቃቅን አረፋ ይወጣ ነበር። የዝናብ ውሃም ከአየርና ከአፈር በሚወስደው ጋዝ ጥቂት አሲድነት እንደሚያገኝና ይህንኑ ሥራ እጅግ ረጅም በሆነ ዘመን እንደሚሠራ የነገረን ያን ጊዜ ነው። ከዋሻው ግድግዳ ላይ ግን አንዲት ቅንጣት እንኳ እንዲፋቅ እንደማይፈቅድ አጥብቆ አሳሰበን፤ በዚህ በጣም አከበርኩት።

የዌብ ወንዝ በዋሻው ውስጥ ስለሚያልፍ መሻገር ግድ ነው። ወጣቱ ጥልቀቱን በበትር እየለካ መጀመሪያ ብቻውን ይሻገርና ተመልሶ አባቴን እጃቸውን ይዞ ያሻግራቸው ነበር፤ አንድም ጊዜ አላቻኮላቸውም። ቦታው በሼህ ሶፍ ዑመር ስም የሚጠራና በሙስሊም ምእመናን ዘንድ የተቀደሰ በመሆኑም፣ የሚጸልዩ ሰዎች ባገኘን ጊዜ ብርሃኑን ዝቅ አድርጎ እስኪጨርሱ ድረስ አቆመን።

ዋሻው ከ15 ኪሎ ሜትር በላይ ስለሚረዝምና መተላለፊያዎቹ ስለሚያምታቱ ያለ አስጎብኚ አትግቡ። ወንዙ በዝናብ ወራት ስለሚሞላ በታኅሣሥ ወይም በጥር መሄድ ይሻላል። መለዋወጫ ባትሪና በውሃ የማይበላሽ ጫማ ያዙ። መንደሩ ስትደርሱ «በሎሚ የሚያስረዳው ልጅ የት አለ?» ብላችሁ ጠይቁ።