ታየር፦ ከሱቅ ወይስ ከልብስ ሰፊ?

ጥር ሲቃረብ ስልኬ አያርፍም። «እታለም፣ ታየር ልግዛ ወይስ ላሰፋ?» የሴት ኮትና ጉርዱን ማለታቸው ነው። አሰፊ ነው መልሴ፤ 6,800 ብር ከስሬ የተማርሁት ነው።

አምና ለእህቴ ሰርግ ባሕር ዳር ካለ ሱቅ የተዘጋጀ ታየር ገዛሁ። ባለሱቁ «ንጹሕ ሱፍ ነው» ብሎ ማለልኝ። ሁለተኛ ሲታጠብ ኮሌታውና ደረቱ ኩፍ ኩፍ አለ። ውስጡ በሙጫ የተለጠፈው ጨርቅ ለቆ ኖሯል። ደብረ ማርቆስ ያለው ሰፊዬ ገልብጦ አየውና ሳቀብኝ። ከጠርዙ ክር መዝዞ ክብሪት ጫረበት፤ ቀልጦ እንደ ላስቲክ ጠጠረ። ሱፍ ቢሆን ፀጉር ፀጉር ሸትቶ በጣት ሲነኩት አመድ በሆነ ነበር። ወገቡን ልቀቅልኝ ብለው በስፌቱ ውስጥ የተተወው ጨርቅ ግማሽ ጣት አይሞላም። እጅጌ ለማሳጠርና ዚፕ ለመቀየር 450 ብር ከፈልሁ፤ ያ ጉድ 7,250 ገባ።

ዘንድሮ አሰፋሁ። 3 ሜትር ጨርቅ በ900፣ 2,700፤ 2 ሜትር ገበር 500፤ ቁልፍና ዚፕ 200፤ የእጅ 2,000። ድምሩ 5,400 ብር፣ ያውም በልኬ። ጨርቁ ወርዱ 1.50 ከሆነ ነው 3 ሜትር የሚበቃው፤ ጠባብ ከሆነ ይጨምራል። ሲቆረጥ አጠገቡ ቁሙ፣ ቁራጩንም ተቀበሉ፤ ለኋላ መጠገኛ ይሆናል። በስፌቱ ሁለት ጣት ይተውላችሁ፤ ከወለዳችሁ በኋላ ታመሰግኑኛላችሁ። ለማርቆስ ብርድ ሙሉ ገበር አስገቡ፤ ባሕር ዳር ለምትለብሱት ግን እስከ ግማሽ ይብቃ፣ የፖሊስተር ገበር በሙቀት ገላ ላይ ይጣበቃል።

ቃሉስ ቢሆን? ፈረንሳዮች ልብሱንም ሰፊውንም በአንድ ስም «ታየር» ይላሉ፤ ሥሩ መቁረጥ ነው። ሳይለኩ የቆረጡትን ምን እንደምለው እንጃ።

ሰልባጅ? ደህና ሱፍ አንዳንዴ ይገኛል። እጅጌውን ማሳጠር፣ ጉርዱንም ማጥበብ ይቻላል፤ ትከሻው ካልገጠመ ግን ተዉት፣ ትከሻ መፍታት እንደ አዲስ ከመስፋት አይተናነስም።

ሰፊ ደግሞ ቀጠሮ አያውቅም። የጓደኛዬ ታየር ለሰርግ ታዞ ለመልስ ደረሰ። ሰርጋችሁ ጥር ከሆነ ጨርቁን በኅዳር ስጡ፣ የሰርጉንም ቀን ከትክክለኛው ሁለት ሳምንት አስቀድማችሁ ንገሩት፤ ቀብድም ከግማሽ አታሳልፉ።