በለንደን ሳይንስ ሙዚየም የካሜሩኑን ጥግ ሳታዩ አትውጡ

እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2014 የተከፈተው «የመረጃ ዘመን» አዳራሽ የ200 ዓመት የመገናኛ ታሪክን ከ800 በላይ በሆኑ ዕቃዎች ያሳያል። ብዙ ጎብኚ መሃል ላይ ከቆመው፣ በእንግሊዟ ራግቢ ከተማ ከነበረው የሬዲዮ ጣቢያ ከመጣው ግዙፍ የሽቦ ጥቅልል ዓይኑን ሳይነቅል ይወጣል። እኛ የምንመክረው ግን የሞባይሉን ክፍል ነው። እዚያ ስለ ካሜሩን «ኮል ቦክስ» ይነገራል፤ መንገድ ዳር በደቂቃ ሒሳብ የሚያስደውል፣ የአየር ሰዓት የሚሸጥ አነስተኛ ሱቅ ማለት ነው። ባለሱቁ ለየኔትወርኩ የተለያየ ስልክ ይይዛል፤ ከአንዱ ድርጅት ወደ ሌላው መደወል ዋጋው ይወደዳልና። እስከ እ.ኤ.አ. 2022 በአንድ ቴሌ ብቻ ለኖርነው ይህ አዲስ ነገር ነው።

ሙዚየሙ ይህን ክፍል ያዘጋጀው በብሪታንያ ከሚኖሩ ካሜሩናውያን ጋር ተመካክሮ ነው። ያስታውቃል፤ ስልኩ የሰው እንጀራ ሆኖ ይታያል። እንዲህ ያለ ትብብር የሚበላሸው ዕቃው ተመርጦ፣ መግለጫው ተጽፎ ካለቀ በኋላ ማኅበረሰቡ «አስተያየት ስጡ» ሲባል ነው። ያኔ ከስም አጻጻፍ በቀር የሚታረም አይኖርም። ሰዎቹ ዕቃ ከመሰብሰቡ በፊት መጠራት አለባቸው፤ የጊዜያቸውና የትራንስፖርታቸው ክፍያም ከመጀመሪያው በበጀት ይያዝ።

ቅር የሚለን ጥጉ ጠባብ መሆኑ ነው። ኮል ቦክሶቹ ዛሬ የሞባይል ገንዘብም ያስተላልፋሉ፤ ለዚህም ቦታ ሊሰጠው ይገባል። መግቢያው ነፃ ነው።